የ28 ጌጅ ቾክ መፍቻ አልገጥም ሲል፦ ችግሩና መፍትሄው

አሜሪካ ውስጥ አደን ወይም የሸክላ ዒላማ ተኩስ የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው 12 ወይም 20 ጌጅ ሾትገን፣ ማለትም በአንድ ተኩስ ብዙ ትናንሽ ፍሬ የሚረጭ ጠመንጃ ነው። ጌጅ የአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት መለኪያ ነው። የመሸጫዎቹ መደርደሪያም የተሞላው ለእነዚህ ሁለት ጌጆች በሚሆኑ የቾክ መፍቻዎች ነው። 28 ጌጅ፣ 16 ጌጅ ወይም 410 የያዘ ሰው ግን ይቸገራል። «ይሄንን ይሞክሩት፣ ሊይዝ ይችላል» የሚል መልስም ይሰማል። እባክዎ አይሞክሩት። መፍቻው ርካሽ ዕቃ ነው። የቾኩ ጠርዝ ከተበላ ወይም የአፈሙዙ ጥርስ ከተበላሸ ግን ወጪው ከባድ ነው።

ቾክ ማለት የአፈሙዙ ጫፍ ውስጥ እንደ ብሎን በጥርስ የሚገባ አጭር የብረት ቱቦ ነው። መውጫውን ትንሽ ስለሚያጠበው የእርሳሱ ፍሬዎች ምን ያህል ተበትነው እንደሚሄዱ ይወስናል።

መፍቻ ከማንሳትዎ በፊት ጠመንጃውን ባዶ ያድርጉ። ከፍተው በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ፤ የጥይት መያዣውንም አይርሱ። አፈሙዙ የሚነቀል ከሆነ ነቅለው ለብቻው ይሥሩበት። ፊትን ወደ አፈሙዝ አስጠግቶ የሚሠራ ሥራ ስለሆነ እዚህ ላይ መቸኮል የለም።

መፍቻው አይገባም፣ ወይም አፈሙዙ ጫፍ ላይ ይቀመጣል

ምክንያቱ የጌጅ ልዩነት ነው። የጌጅ ቁጥር ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ቁጥሩ የሚነግረን ከአንድ ፓውንድ እርሳስ ቀዳዳውን ልክ የሚሞሉ ስንት እኩል ኳሶች እንደሚወጡ ነውና። በሚሊሜትር ሲለካ 12 ጌጅ 18.5፣ 16 ጌጅ 16.8፣ 20 ጌጅ 15.6፣ 28 ጌጅ ደግሞ 14 ገደማ ነው። 410 ከነጭራሹ ጌጅ አይደለም፤ የቀዳዳው ስፋት በኢንች 0.410 መሆኑን የሚናገር ቁጥር ነው፣ 10.4 ሚሊሜትር ማለት ነው። ስለዚህ የ20 መፍቻ 28 ውስጥ አይገባም። የ28 መፍቻ 20 ውስጥ ቢገባ ደግሞ ምላሱ ቾኩ ጠርዝ ላይ ያሉት የመፍቻ ክፍተቶች ጋ አይደርስም።

መፍትሄው አፈሙዙ ጎን ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው። ጽሑፉ ከጠፋ በካሊፐር ይለኩ። ቾኩ ውስጥ እያለ ከለኩ ግን ቁጥሩ ከቀዳዳው ትክክለኛ ስፋት ያንሳል፣ ጠባብ ቾክ 28 ጌጅን ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ሊያጠበው ይችላልና። 13.5 አካባቢ ካገኙ ጠመንጃው 28 ነው።

ቤት ውስጥ ከአንድ በላይ ጌጅ ያለው ሰው መፍቻዎቹን ብቻ ሳይሆን ጥይቶቹንም ለያይቶ ያስቀምጥ። የ20 ጌጅ ጥይት 12 ጌጅ ውስጥ ገብቶ መሃል ላይ ይቀረቀራል። ከኋላው ትክክለኛው ጥይት ጎርሶ ከተተኮሰ አፈሙዙ ይፈነዳል። የ20 ጥይት ቢጫ ሆኖ የሚሠራው ለዚህ ነው።

መፍቻው ይገባል፣ ግን አይነክስም ወይም በአንድ በኩል ብቻ ይይዛል

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጌጁ ትክክል ስለሆነ ሁሉም ነገር ልክ ነው ብሎ ያስባል። ግን እያንዳንዱ አምራች የራሱ የቾክ ዓይነት አለው፣ አንዱ አምራች ራሱም ብዙ ዓይነት ይሠራል። ብራውኒንግ የተባለው አምራች የሚሠራውን ሲቶሪ የሚባል ሾትገን እንውሰድ። ብዙዎቹ የ12 ጌጅ ሲቶሪዎች ኢንቬክተር ፕላስ የሚባለውን የቾክ ዓይነት ሲይዙ የ28ቱ የሚይዘው የቆየውን ኢንቬክተር ነው። በ2016 በ16 ጌጅ የተመለሰው ሌላው የብራውኒንግ ሾትገን ኤ5 ስዊት ሲክስቲን ደግሞ የሚይዘው ኢንቬክተር ዲኤስ ነው። ሌላው አምራች ቤሬታም ሞቢልቾክ እና ኦፕቲማ የሚባሉ የተለያዩ ዓይነቶች አሉት። እንግዲህ «የብራውኒንግ መፍቻ» ወይም «የ28 መፍቻ» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም።

ቾኩ ከወጣ ጎኑ ላይ የዓይነቱ ስም ይኖራል። ካልወጣ አፈሙዙ ላይ ይፈልጉ። እዚያም ከሌለ የሞዴሉንና የሴሪያል ቁጥሩን ይዘው አምራቹን ይጠይቁ። ከዚያ በባትሪ እያዩ ጠርዙ ላይ ያሉትን የመፍቻ ክፍተቶች ይቁጠሩ፣ ስፋታቸውንም ይለኩ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙ ቾኮች ጠርዛቸው ላይ ሌላ ትናንሽ ጭረቶች አሏቸው። እነሱ ቾኩ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ የሚነግሩ ምልክቶች ናቸው፤ በቤሬታና በብራውኒንግ አንድ ጭረት በጣም ጠባቡ ሲሆን ቁጥሩ ሲጨምር ቾኩ ይሰፋል። መፍቻ እዚያ ላይ አይነክስም።

ሳንቲም፣ ካቻቢቴ ወይም ፒንሳ በፍጹም አይጠቀሙ። በአንድ በኩል ብቻ የሚገፋ ነገር ቾኩን ያጣምመዋል።

ጭራሽ ክፍተት የለውም

ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ቾኩ ከአፈሙዙ ወጣ ብሎ የሚታይና ዙሪያው ሻካራ ከሆነ በእጅ የሚፈታ ነው። አንዳንዱም ጎኑ ላይ ዘንግ የሚገባበት ቀዳዳ አለው። የቾክ ጫፍና የአፈሙዝ መጋጠሚያ ከነጭራሹ ካልታየ ግን ቾኩ ከአፈሙዙ ጋር አብሮ የተሠራ ነው። የድሮ 16 ጌጆችና ብዙ 410ዎች እንዲህ ናቸው። መፍቻ መፈለጉን ይተዉት።

መፍቻው ልክ ነው፣ ቾኩ ግን አይነቃነቅም

መጀመሪያ አቅጣጫውን ያረጋግጡ። አፈሙዙን ፊት ለፊት እያዩ ወደ ግራ፣ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ነው የሚፈታው። ካልሆነ ጥርሱ መሃል የባሩድ ጥላሸትና ከጥይቱ የቀለጠ ፕላስቲክ ተጋግሮበታል፣ ወይም ዝናብ ነክቶት ዝጓል።

ዝገት ፈቺ ዘይት በመጋጠሚያው ዙሪያ ያድርጉ። አፈሙዙን ቁልቁል አቁመው አንድ ሌሊት ይተዉት። ቁልቁል መሆኑ ዘይቱ ወደ ቃታውና ወደ እንጨቱ እንዳይወርድ ነው። በማግስቱ መፍቻውን እስከ መጨረሻው አስገብተው በመዳፍ እየተጫኑ መጀመሪያ በትንሹ ወደ ማጥበቂያው፣ ከዚያ ወደሚፈታበት አቅጣጫ ይሞክሩ። እምቢ ካለ የአፈሙዙን ጫፍ በሙቅ ውሃ አሙቀው ይድገሙት። እሳት ግን አያስጠጉ። አፈሙዙን ጨርቅ ሳይጠቀልሉ ሞርሳ ውስጥ አያስሩ።

አንድ ከባድ ምክንያት አለ። አሜሪካ ውስጥ ከ1991 ጀምሮ የውሃ ወፍ በእርሳስ ማደን በመላ አገሪቱ የተከለከለ ስለሆነ አዳኞች የብረት ፍሬ ይተኩሳሉ። ብረት እንደ እርሳስ አይለሰልስም። ለብረት ባልተሠራ ጠባብ ቾክ ሲተኮስ ቾኩን ከውስጥ ሊነፋውና ከጥርሱ ጋር ሊያጣብቀው ይችላል። የአፈሙዙ ጫፍ ያበጠ ከመሰለ ወይም ከሌሊቱ ዘይት በኋላም ካልተነቃነቀ ጉልበት አይጨምሩ፤ ለጠመንጃ ጠጋኝ ይስጡት።

ከወጣ በኋላ የቾኩንም የአፈሙዙንም ጥርስ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያጽዱ፣ ለቾክ የሚሆን ግራሶ በስሱ ይቀቡ። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚፈታ ቾክ ነው የሚጣበቀው።

ሲተኮስ እየላላ ይመጣል

ጥርሱ ቆሽሾ እስከ መጨረሻው አልገባም፣ ወይም ሲታሰር በጣት ብቻ ተትቷል። አጽድተው በመፍቻ ጠበቅ ያድርጉት፤ ብዙ ጉልበት አያስፈልግም። ተኩስ መሃል ላይም ጠመንጃውን ባዶ አድርገው አልፎ አልፎ ይመልከቱት። የላላ ቾክ ጭስና ጥላሸት ወደ ጥርሱ ያስገባል፣ ከዚያ ይጣበቃል። ቾክ ሳይኖር መተኮስ ደግሞ የአፈሙዙን ጥርስ ያበላሻል።

መፍቻ ሲያዝዙ ለሻጩ የጠመንጃውን ሞዴል፣ ጌጁን፣ የቾኩን ዓይነት ስምና የክፍተቶቹን ቁጥር አብረው ይስጡ። አፈሙዙን ፊት ለፊት ያነሱት ጥርት ያለ ፎቶ ቢጨምሩ ደግሞ ሻጩ መገመት አያስፈልገውም።