ስኳር ያለበትን ልጅ ዓይን ጉዳት ከመድረሱ በፊት እንዴት ማስመርመር ይቻላል?

«ልጄ ሰሌዳው ላይ ያለውን አጥርቶ ያነባል፤ ምን አስመረምረዋለሁ?» የሚል ወላጅ ብዙ ነው። ስኳር የሬቲናን (ከዓይን ጀርባ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን) ቀጫጭን የደም ስሮች መጉዳት ሲጀምር ግን ዓይን አያምም፤ እይታም አይደበዝዝም። ስለዚህ ልጁ እስኪያማርር አይጠብቁ።

መጀመሪያ ህመሙ የተገኘበትን ጊዜ ያስሉ። የስኳር ህመሙ ዓይነት 2 (ሰውነት ኢንሱሊንን በአግባቡ የማይጠቀምበት) ከሆነ ምርመራው ህመሙ እንደታወቀ ነው፤ ስኳሩ ተደብቆ ከርሞ ሊሆን ይችላልና። ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። ዓይነት 1 (ሰውነት ኢንሱሊን ማምረት የሚያቅተው) ላይ የአሜሪካ የስኳር ህመም ማኅበር የሚመክረው፣ ከህመሙ ጋር ከ3 እስከ 5 ዓመት የቆየ ልጅ 11 ዓመት ሲሞላው ወይም ጉርምስና ሲጀምረው፣ ከሁለቱ በቀደመው እንዲታይ ነው። ከዚያ በአብዛኛው በየ2 ዓመቱ። ሐኪሙ ቶሎ ተመለሱ ካለ እሱን ይስሙ።

ቀጠሮ ሲይዙ «ሬቲናው እንዲታይልኝ ነው» ይበሉ። ፊደል ማስነበብ ለመነጽር እንጂ ለደም ስር አይሆንም።

በዕለቱ ልጁ እንደወትሮው ይብላ፤ ኢንሱሊኑንም አይዝለል። ብሌን የሚያሰፋው ጠብታ ለአፍታ ያቃጥላል፤ እስኪሠራም ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። «ምንም አይልህም» ብለው አይሸውዱት፤ ሁለተኛ አያምንዎትም። ወረፋ ሊረዝም ስለሚችል የስኳር መለኪያና ጣፋጭ ነገር ይያዙ። ከጠብታው በኋላ ለሰዓታት ብርሃን ይወጋዋል፣ የቅርብ ጽሑፍም ይደበዝዝበታል። ኮፍያ ይያዙለት፤ የፈተና ቀንም አይምረጡ።

የሬቲናው ፎቶ አነሳስ ራሱ ቀላል ነው። አገጩን ያስደግፋል፣ መብራቱን ያያል፣ አለቀ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚፈልገው ትናንሽ ቀይ ነጥቦችን ነው። ግድግዳቸው የሳሳ የደም ስሮች ሲያብጡ እንዲህ ይታያሉ፤ ማይክሮአኑሪዝም ይባላሉ።

ከመውጣትዎ በፊት የሁለቱም ዓይን ፎቶ ጥርት ብሎ መውጣቱን፣ ምን እንደታየና ቀጣዩ ቀጠሮ መቼ እንደሆነ ይጠይቁ። ቅጂም ይውሰዱ፤ ለሚቀጥለው ጊዜ ማነጻጸሪያ ይሆናል።

ነጥብ ተገኘ ማለት ልጁ ሊታወር ነው ማለት አይደለም። በዚህ ደረጃ ብዙውን ጊዜ ሌዘር አያስፈልግም፤ ዋናው ሥራ ስኳሩንና የደም ግፊቱን መቆጣጠር ነው። አንድ ግን ልብ ይበሉ፦ ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር በፍጥነት ሲወርድ ሬቲናው ለጊዜው ሊባባስ ይችላል። ሕክምናውን አያቋርጡ፤ ለዓይን ሐኪሙ ግን ለውጡን ይንገሩ።

ልጁ ድንገት ጥቁር ነጠብጣብ ከዓይኔ ፊት ይዋኛል፣ መጋረጃ ወረደብኝ ወይም ማየት አቃተኝ ካለ ቀጠሮ አይጠብቁ። በዚያው ቀን ይውሰዱት።