ወደ ጓሳ ስትወጡ ስልኩ ኪስ ይግባ

ልጆች ይዛችሁ ሰሜን ሸዋ ወዳለው የመንዝ ጓሳ ጥብቅ ቦታ ከወጣችሁ አንድ ነገር ብቻ ምረጡና አሥር ደቂቃ ዝም ብላችሁ እዩት። እኛ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን መረጥን። ሌሊቱን ገደል ላይ አድረው፣ ጠዋት ብርዱ አጥንት ሰርስሮ እየገባ ወደ ሜዳው ይወጣሉ፤ ከዚያ ቁጭ ብለው ሣሩን በጣታቸው እየነቀሉ፣ እፍኝ ሲሞላ ወደ አፍ። ጎተራ የላቸውም። የሰማይ ወፎች በጎተራ አይከቱም፣ የሰማዩ አባታችሁ ግን ይመግባቸዋል የሚለውን ማቴዎስ 6፥26ን ለልጆቹ ያነበብኩላቸው ያኔ ነው፤ ቤት ውስጥ ስንት ጊዜ ሳነበው ዝም የሚሉት ልጆች እዚያ ጥያቄ አዘነቡብኝ። ስብከት ግን አታብዙ፣ በእናታችሁ! አንድ ጥቅስ ይበቃል። ጋቢም ያዙ፣ ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ልጁ “ነገስ ምን ይበላሉ?” ካላችሁ ለመመለስ አትቸኩሉ፤ እሱ ራሱ ያስብበት።