ልጁ በመቀመጫው ሲሆን፦ በቻይና ሞክሳ ዙሪያ የሚሠሩ ስህተቶች

የመውለጃዋ ጊዜ እየተቃረበ አልትራሳውንድ ስትነሳ "ልጁ በመቀመጫው ነው" (ማለትም በጭንቅላቱ ሳይሆን መቀመጫው ወደ ታች ሆኗል) የተባለች ሴት ጭንቀት ቀላል አይደለም። ወዲያው የሚታሰባት ኦፕራሲዮን ነው። ብዙዎች ልጁን ያዞራል ስለሚባለው የቻይና ሞክሳ የሚሰሙትም ያኔ ነው። ሞክሳ ከደረቀ የአርቴሚሲያ ቅጠል የሚሠራ፣ እንደ ወፍራም ሲጋራ የተጠቀለለ ነገር ነው። ጫፉ ይለኮስና የእግር ትንሿ ጣት ጥፍር ውጨኛ ጥግ አጠገብ ይያዛል። ቻይኖች ቦታውን ጂዪን ይሉታል። ሥራውን የሚሠራው ሙቀቱ ነው፤ ቆዳውን አይነካም።

እኔ ሞክሳን የማጣጥል ሰው አይደለሁም። የሚያሳስበኝ ያለጊዜውና ከአቅሙ በላይ ሲታመንበት ነው።

ቶሎ መጀመር፣ ወይም በጣም መዘግየት

በ28ኛው ሳምንት ከአራት ወይም ከአምስት ልጆች አንዱ በመቀመጫው ነው። መውለጃው ሲደርስ ግን እንደዚያ ሆነው የሚቀሩት ከመቶ ሦስት ወይም አራት ያህል ናቸው። አብዛኞቹ ማንም ሳይነካቸው ይዞራሉ። ስለዚህ በስድስተኛው ወር ሞክሳ መለኮስ ትርጉም የለውም። ከ37ኛው ሳምንት በኋላ ደግሞ ልጁ ያድጋል፣ መዞሪያ ቦታው ይጠባል። ሞክሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው ከ33ኛው እስከ 35ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው።

አንዱን ጥናት ይዞ እንደ ዋስትና መቁጠር

እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። በቻይና ጂያንግሺ ክፍለ ሀገር 260 የመጀመሪያ ልጃቸውን ያረገዙ ሴቶች ተሳትፈውበታል። ግማሾቹ ከ33ኛው ሳምንት ጀምሮ ለአንድ ሳምንት፣ ልጁ ካልዞረ ደግሞ ለሌላ ሳምንት ሞክሳ ተደረገላቸው። በ35ኛው ሳምንት ሲታይ፣ ሞክሳ ከተደረገላቸው ውስጥ 75 ከመቶው ልጆች በጭንቅላታቸው ዞረው ተገኙ። ብዙ ሰው የሚያወራው ይህን ቁጥር ብቻ ነው። ምንም ካልተደረገላቸውም ውስጥ ግን 48 ከመቶ ገደማው ዞረዋል። የሞክሳው ድርሻ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 ጣሊያን ውስጥ የተሠራው ጥናት ደግሞ ልዩነት አላገኘም። ብዙ ሴቶች ሕክምናውን ስላቋረጡ ጥናቱ ራሱ ሳያልቅ ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ2023 የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ድርጅት) ተመራማሪዎች ጥናቶቹን አንድ ላይ ሲመዝኑ፣ ሞክሳ ከመደበኛው ክትትል ጋር ሲደረግ ልጁ በጭንቅላቱ የመምጣት ዕድሉን ሳይጨምር አይቀርም ብለዋል። የኦፕራሲዮንን ቁጥር ግን ያን ያህል አልቀነሰም። ተስፋ አድርጊ፤ ሆስፒታል ያለሽን ቀጠሮ ግን እንዳትሰርዢ።

ለሐኪም ሳይነግሩ መጀመር

መንታ ያረገዘች፣ የእንግዴ ልጁ የማህፀን አፍ ላይ የተቀመጠባት፣ ደም የፈሰሳት፣ የደም ግፊቷ የጨመረ ወይም ቀደም ሲል ማህፀኗ ኦፕራሲዮን የተደረገ ሴት በራሷ ፈቃድ አትጀምረው። ልጁ ያልዞረው የማህፀኑ ቅርፅ ከልክሎት ሊሆንም ይችላል። ይህን አልትራሳውንድ እንጂ ሞክሳ አያሳይሽም።

አያያዙን አለማወቅ

ሆድሽ እዚህ ከደረሰ በኋላ ጎንበስ ብለሽ ራስሽ ልትይዢው አትችዪም። ባለቤትሽ ወይም እህትሽ ከባለሙያ ተምረው ይያዙልሽ። የጋለው ጫፍ ከቆዳው 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ለእያንዳንዱ እግር ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። ደስ የሚል ሙቀት እንጂ ማቃጠል የለበትም። በስኳር በሽታ ምክንያት እግሯ የደነዘዘ ሴት ቃጠሎው ሳይሰማት ልትቆስል ትችላለች። ጭሱ ደግሞ ብዙ ነው፤ መስኮት ክፈቱ። አስም ካለብሽ ጭሱ እንዳይቀሰቅስብሽ አስቀድመሽ ሐኪምሽን ጠይቂ።

ቅጠሉን አፍልቶ መጠጣት

ይህን ለእኛ ሰው ለይቼ እላለሁ። የእኛ ጭቁኝና አሪቲም የአርቴሚሲያ ዘመዶች ናቸው። "ያው አንድ ዘር ነው" ብሎ አፍልቶ መጠጣት በእርግዝና ጊዜ አደገኛ ነው። ሞክሳ የሚሠራው ከውጭ በሙቀት ብቻ ነው።

ሆድን ማሳሸት

ቤት ውስጥ ሆድን እየገፉ ልጁን ለማዞር የሚሞክሩ እጆች አሉ፤ እባክሽ አትፍቀጂ። የእንግዴ ልጁ ያለጊዜው ሊላቀቅ፣ ደም ሊፈስ ይችላል። ሐኪምም በእጁ ያዞራል። ነገር ግን በአልትራሳውንድ እያየ፣ የልጁን የልብ ምት እየተከታተለ፣ ችግር ቢመጣ ኦፕራሲዮን ክፍሉ ቅርብ ሆኖ ነው። በአብዛኛው ከ36ኛው ወይም ከ37ኛው ሳምንት ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን ግማሽ ያህሉ ይሳካል። ሞክሳው ውጤት ያሳይ እያሉ ይህን ቀን ማሳለፍ ትልቅ ኪሳራ ነው።

መዞሩን ሳያረጋግጡ መቀጠል

ልጁ ብዙ ስለተንቀሳቀሰ ብቻ ዞሯል ማለት አይደለም። ተመርመሪ። ከዞረ ሞክሳውን አቁሚ። የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ደም ካየሽ ወይም ቁርጠት ከጀመረሽ ያንኑ ሰዓት ሐኪም ቤት ሂጂ።

የእንሽርት ውሃ ሲፈስ ቤት መቆየት

ልጁ በመቀመጫው እያለ ውሃው ከፈሰሰ እትብቱ ቀድሞ ሊወጣና ልጁ ሊታፈን ይችላል። ምጥ እስኪመጣ አትጠብቂ። በጎንሽ ተኝተሽ አምቡላንስ አስጠሪ፤ ስትደርሺም ከሁሉ በፊት ልጁ በመቀመጫው እንደሆነ ንገሪያቸው።