ለሴክሽን 8 ተከራይ ቤትን ማከራየት፦ ከማስታወቂያ እስከ ውል ማብቂያ

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ በሲያትልና በሚኒያፖሊስ የሚኖሩ በርካታ ወገኖቻችን ከሚኖሩበት ቤት በተጨማሪ ሌላ ቤት ወይም ራሱን የቻለ ቤዝመንት ያከራያሉ። ከጠያቂዎቹ አንዱ የመንግሥት የኪራይ ድጋፍ ያለው ሲሆን ግን ብዙዎች ያመነታሉ፤ ሌሎች ደግሞ ድጋፉን እንደ ዋስትና ቆጥረው ወረቀቱን ሳይጨርሱ ቁልፍ ያስረክባሉ። ሁለቱም ዋጋ ያስከፍላሉ። ፕሮግራሙ ጠንቅቆ ለያዘው አከራይ የተረጋጋ ገቢ ያስገኛል፣ ቤት አጥቶ ለሚንከራተት ቤተሰብም መጠጊያ ይሆናል፤ ነገር ግን በቃል ስምምነትና በእጅ በእጅ ክፍያ ፈጽሞ አይሠራም።

በተለምዶ ሴክሽን 8 የሚባለው የቫውቸር (ለተከራዩ የሚሰጥ የኪራይ ድጋፍ ሰነድ) ፕሮግራም ገንዘቡ ከፌዴራሉ የቤቶችና የከተማ ልማት መሥሪያ ቤት ከሐድ ይመጣል፤ የሚያስተዳድሩት ግን በየከተማውና በየካውንቲው ያሉ የቤቶች ባለሥልጣናት ናቸው። ለምሳሌ በዲሲ የከተማው የቤቶች ባለሥልጣን፣ በሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ ኤችኦሲ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው ኮሚሽን ያስተዳድሩታል። ስለዚህ ዋናዎቹ ደንቦች በመላ አገሪቱ አንድ ቢሆኑም የክፍያው ጣሪያና የአሠራሩ ዝርዝር ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ጎረቤት ካውንቲ ያለ ወዳጅዎ የነገረዎት ሁሉ ለእርስዎ ላይሠራ ይችላል።

ገንዘቡ የሚሰላበትን መንገድ አስቀድሞ መረዳት ብዙ ቅሬታን ያስቀራል። ተከራዩ በአብዛኛው ሕጉ የሚፈቅዳቸው ተቀናሾች ከወጡለት በኋላ ከሚቀረው ወርሃዊ ገቢው 30 በመቶውን ለኪራይና ለመብራት፣ ለውሃና ለጋዝ ያዋጣል። ባለሥልጣኑ በመኝታ ክፍል ብዛት የክፍያ ጣሪያ ያወጣል፤ ጣሪያው ሐድ ለአካባቢው ከሚያወጣው የገበያ ኪራይ ብዙውን ጊዜ ከ90 እስከ 110 በመቶ ባለው ውስጥ ይወሰናል። በዲሲና በዙሪያዋ ይህ የገበያ ኪራይ በዚፕ ኮድ ስለሚሰላ በአንድ ካውንቲ ውስጥ እንኳ የሁለት ሰፈሮች ጣሪያ ሊራራቅ ይችላል። ጣሪያው 2,200 ዶላር፣ ኪራዩ 2,100 ዶላር፣ ተከራዩ ራሱ የሚከፍለው መብራትና ውሃ በባለሥልጣኑ ግምት 150 ዶላር፣ የተከራዩ የተጣራ ገቢም 2,000 ዶላር ነው እንበል። የተከራዩ 30 በመቶ 600 ዶላር ስለሆነ ባለሥልጣኑ ከጣሪያው ላይ ይህን ቀንሶ 1,600 ዶላር በቀጥታ ለአከራዩ ይልካል፤ ተከራዩ ለአከራዩ 500 ዶላር ይከፍልና መብራትና ውሃውን ጨምሮ ድርሻው 650 ዶላር ይሆናል። ኪራይና የመብራት፣ የውሃና የጋዝ ወጪው ተደምረው ጣሪያውን ሲያልፉ ተከራዩ መጀመሪያ ሲገባ ከተጣራ ገቢው ከ40 በመቶ በላይ እንዲከፍል ስለማይፈቀድ፣ ውድ ቤት በዚህ ምክንያት ብቻ ውድቅ ሊደረግ ይችላል።

ማስታወቂያ ከማውጣትዎ በፊት ሁለት ነገሮችን ያረጋግጡ። የመጀመሪያው ቤቱን ለማከራየት የሚያስፈልገው ፈቃድ ነው፤ ዲሲ የንግድ ፈቃድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ የኪራይ ላይሰንስ ይጠይቃሉ፤ ቤዝመንት ከሆነ ደግሞ የራሱ ኩሽና፣ መታጠቢያ ቤትና መውጫ ያለው ሕጋዊ መኖሪያ መሆን ይኖርበታል። ሁለተኛው የማስታወቂያው ቃል ነው። ዲሲ፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዋሽንግተን ስቴት ተከራይን በገቢው ምንጭ መለየትን የሚከለክሉ ሕጎች ስላሏቸው «ሴክሽን 8 አንቀበልም» ብሎ መጻፍ ለክስ ሊያጋልጥ ይችላል። በአንዳንዶቹ ሕጎች ጥቂት ቤት ብቻ ላለው ወይም በዚያው ቤት ለሚኖር ባለቤት የተለየ ድንጋጌ አለ፤ ይሁን እንጂ በዚህ ተማምኖ ከመከልከል በፊት የአካባቢውን የሕግ ባለሙያ መጠየቅ ይሻላል።

ይህ ማለት የመጣውን ሁሉ መቀበል ግዴታ ነው ማለት አይደለም። ባለሥልጣኑ የሚመረምረው በዋነኛነት የቤተሰቡን ገቢና የፕሮግራሙን መስፈርት ማሟላቱን ነው፤ ተከራዩ ኪራይ በወቅቱ ይከፍል እንደሆነና ቤት በአግባቡ ይይዝ እንደሆነ ማጣራት የአከራዩ ሥራ ነው። ባለሥልጣኑ የተከራዩን የአሁኑን አድራሻ፣ የሚያውቀው ከሆነም የአሁኑንና የቀድሞውን አከራይ ስምና አድራሻ ይሰጥዎታል፤ ይህን መረጃ ጠይቀው የቀድሞውን አከራይ ያነጋግሩ፤ በእኔ እምነት ከክሬዲት ሪፖርት ይልቅ ብዙ ይነግራል። ለሌሎች አመልካቾች የሚጠቀሙበትን መመዘኛ ያለ ልዩነት ለዚህም ይጠቀሙ። ቫውቸሩ ቤት መፈለጊያ የጊዜ ገደብ ስላለው፣ መጀመሪያ የሚሰጠውም ቢያንስ 60 ቀን ስለሆነ፣ ምላሽዎን ማዘግየት ተከራዩን ቫውቸሩን እስከ ማሳጣት ሊያደርስ ይችላል።

ከተከራዩ ጋር ከተስማሙ በኋላ ሁለታችሁም የኪራይ ይሁንታ መጠየቂያውን፣ ማለትም የሐድን 52517 ቅጽ፣ ሞልታችሁ ለባለሥልጣኑ ታቀርባላችሁ። የመብራቱን፣ የውሃውንና የጋዙን ሂሳብ ማን እንደሚከፍል የምትሞሉት እዚህ ላይ ስለሆነ በጥንቃቄ ሙሉት። ቀጥሎ ባለሥልጣኑ የጠየቁት ኪራይ ድጋፍ ከሌላቸው ተመሳሳይ ቤቶች ጋር ሲነጻጸር ተገቢ መሆኑን ያያል፤ በሰፈርዎ የተከራዩ ሦስት አራት ቤቶችን ዋጋ ይዞ መቅረብ ለድርድር ይረዳል።

ባለሥልጣኑ ቤቱን የሚፈትሽበት ምርመራ ብዙ ሰው የሚደናቀፍበት ቦታ ቢሆንም ቤቱን የሚጥሉት አብዛኛውን ጊዜ ትልልቅ ጥገናዎች አይደሉም። በየፎቁ የሚሠራ የጭስ ማስጠንቀቂያ፣ ጋዝ ወይም ሌላ ነዳጅ የሚጠቀም ዕቃ ወይም ከቤቱ ጋር የተያያዘ ጋራዥ ካለ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ፣ ሙቅ ውሃ፣ በትክክል የሚዘጋ በርና መስኮት፣ በደረጃ ላይ የእጅ መደገፊያ ያስፈልጋሉ። የውሃ ማሞቂያው የግፊት መልቀቂያ ቱቦ መኖሩን፣ ሽፋን የሌለው የኤሌክትሪክ ሶኬት አለመኖሩን፣ የቤዝመንት መስኮት ፍርግርግ ካለው ከውስጥ መከፈት መቻሉን ይመልከቱ። ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነና ከ6 ዓመት በታች ሕፃን የሚኖርበት ከሆነ የተላጠ ቀለም በእርሳስ መርዝ ስጋት ምክንያት በጥብቅ ይታያል፤ ሕፃን ባይኖርም ከ1978 በፊት ለተሠራ ቤት የሊድ (የእርሳስ) መግለጫውን ለተከራዩ ፈርሞ መስጠት የፌዴራል ሕግ ግዴታ ነው። መርማሪው ከመምጣቱ በፊት ራስዎ ክፍል በክፍል ዞረው ቢፈትሹት የሁለተኛ ቀጠሮ መጠበቅን ያስቀራል፤ ቤቱ ባዶ ሆኖ የሚያልፈው እያንዳንዱ ሳምንት የእርስዎ ኪሳራ ነውና።

ቤቱ ሲያልፍ ሁለት ውሎች ይፈረማሉ። አንዱ በእርስዎና በተከራዩ መካከል የሚደረገው የኪራይ ውል ሲሆን በመጀመሪያ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ይደረጋል፤ ሌላው በእርስዎና በባለሥልጣኑ መካከል የሚፈረመው የድጋፍ ክፍያ ውል፣ ቅጽ 52641 ነው። ከኪራይ ውሉ ጋር የሚያያዘው የሐድ ተጨማሪ ድንጋጌ እርስዎ ከጻፉት አንቀጽ ጋር ቢጋጭ የሐዱ ይጸናል። ባለሥልጣኑ ቤቱ ማለፉን በጽሑፍ ሳያረጋግጥልዎትና ውሉ የሚጀምርበትን ቀን ሳያሳውቅዎት ቁልፍ አይስጡ፤ ቤቱ ከማለፉ በፊት ላለው ጊዜ ባለሥልጣኑ በአብዛኛው አይከፍልም። የመጀመሪያው ክፍያ ወረቀቱ እስኪያልቅ ሊዘገይ ስለሚችል የሁለት ወር የቤት ብድር የሚሸፍን ገንዘብ ቢያስቀምጡ መልካም ነው።

በማኅበረሰባችን ዘንድ አደገኛ የሆኑ ሁለት ልማዶችን ሳላነሳ አላልፍም። የመጀመሪያው ለዘመድ ማከራየት ነው። አከራዩ ከተከራዩ ቤተሰብ አባላት ለአንዱም ቢሆን ወላጅ፣ ልጅ፣ አያት፣ የልጅ ልጅ፣ እኅት ወይም ወንድም ከሆነ፣ ለአካል ጉዳተኛ ሲባል ባለሥልጣኑ ካልፈቀደ በስተቀር ቫውቸሩ አይሠራም። እናትን በራስ ቤት ማኖር በባህላችን ክብር ቢሆንም በዚህ ፕሮግራም የልጅ ቤት ለእናት በቫውቸር አይከራይም። ሁለተኛው ባለሥልጣኑ ካጸደቀው ኪራይ በላይ በጎን በካሽ መቀበል ነው። ተከራዩ በፈቃዱ ቢሰጥም ይህ ማጭበርበር ነው፤ ገንዘቡን ከማስመለስ አልፎ ከፕሮግራሙ ሊያስወጣና ሊያስከስስ ይችላል፤ ተከራዩንም ለዓመታት ወረፋ ጠብቆ ያገኘውን ቫውቸር ሊያሳጣው ይችላል። ኪራዩ ካልበቃዎት ከመፈረምዎ በፊት ይደራደሩ፣ ካልተስማሙም ይተዉት። ዲፖዚት ግን ከተከራዩ ይቀበላሉ፤ ጣሪያው በዲሲና ከጥቅምት 2024 ወዲህ በሜሪላንድ የአንድ ወር፣ በቨርጂኒያ የሁለት ወር ኪራይ ነው።

ተከራዩ ከገባ በኋላ ቤቱ በአብዛኛው ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ እንደገና ይመረመራል። ለሕይወት የሚያሰጋ ጉድለት በ24 ሰዓት፣ ሌላው በ30 ቀን ውስጥ መጠገን አለበት፤ በእርስዎ ቸልተኝነት ካለፈ ክፍያው ይቋረጣል፣ የተቋረጠበት ጊዜም ኋላ አይከፈልም። ኪራይ መጨመር የሚቻለው ከመጀመሪያው የውል ዘመን በኋላ ሲሆን ለባለሥልጣኑ ቢያንስ ከ60 ቀን በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ይገባል። ተከራዩ የራሱን ድርሻ ካልከፈለ እንደ ማንኛውም ተከራይ በሕጉ መንገድ መጠየቅ ይቻላል፤ የማስለቀቂያ ማስጠንቀቂያ ሲሰጡም ቅጂውን ለባለሥልጣኑ ይላኩ። ባለሥልጣኑ ድርሻውን ቢያዘገይ ግን ተከራዩን በዚያ መጠየቅም ሆነ ማስወጣት አይፈቀድም። የቤት ውስጥ ጥቃት የደረሰባት ተከራይ በደረሰባት ጥቃት ምክንያት ከቤት እንዳትባረር የፌዴራል ሕግ ይከላከልላታል።

ከባለሥልጣኑ የሚገባው ገንዘብ ግብር የሚከፈልበት የኪራይ ገቢ ነው፤ መጀመሪያ ላይ የግብር መለያ ቁጥርዎን የሚያሳውቀውን ደብልዩ-9 ቅጽ ሞልተው ይሰጣሉ፣ በዓመቱ መጨረሻ የተከፈለዎትን የሚገልጽ 1099 ቅጽ ይላክልዎታል፣ ሁሉንም ከጥገና ወጪና ከሕንፃው የ27.5 ዓመት የእርጅና ቅናሽ ጋር የኪራይ ገቢ በሚሞላበት የግብር ቅጽ፣ በስኬጁል ኢ፣ ያስመዘግባሉ። ተከራዩ ሲወጣ በወጣበት ወር የተከፈለውን ድጋፍ ያስቀራሉ፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ ባዶ ለሚቆይበት ጊዜ ግን ምንም አይከፈልም፤ ዲፖዚቱን ወይም የተቆረጠበትን ዝርዝር በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በ45 ቀን ውስጥ ማድረስ፣ በዲሲም በዚሁ ጊዜ ዲፖዚቱን መመለስ ወይም ለመቁረጥ ማሰብዎን በጽሑፍ ማሳወቅ ይኖርብዎታል። ተከራዩ ሳይወጣ ቤቱን ለመሸጥ ካሰቡ የድጋፍ ክፍያ ውሉ ወደ ገዢው የሚተላለፈው ባለሥልጣኑ በጽሑፍ ሲፈቅድ ብቻ ስለሆነ ጥያቄውን ሽያጩ ከመዘጋቱ በፊት ያቅርቡ።