ለቪዲዮ ኤዲቲንግ የመጀመሪያ ፒሲያችሁን ስትገጣጥሙ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። በየጊዜው ሰዎች ደውለው "ይሄን ያህል ብር አለኝ፣ ምን ዓይነት ፒሲ ልግዛ?" ይሉኛል። እኔ መልሼ የምጠይቀው ስለ ብሩ አይደለም። "የምትቀርጽበት ካሜራ ምንድን ነው? በምን ፕሮግራም ነው ኤዲት የምታደርገው?" ነው የምለው። ብዙዎቹ ይገረማሉ። እኔ ይህ ጥያቄ የገባኝ ገንዘቤን ካወጣሁ በኋላ ነው። እናንተ ከማውጣታችሁ በፊት እንዲገባችሁ ብዬ ነው የምጽፈው።

ከግራፊክስ ካርዱ መጀመር

ስለ ፒሲ የምንሰማው አብዛኛው ወሬ ከጌመሮች የመጣ ነው። ለጌም ደግሞ ግራፊክስ ካርዱ ከሁሉም ይበልጣል። እኔም ይህን ሰምቼ የባጀቴን ግማሽ የሚበላ ካርድ ገዛሁ። ትንሽ ብር ለማትረፍ ስል ደግሞ ፕሮሰሰሩን ከስሙ መጨረሻ "ኤፍ" ያለበትን ኢንቴል ኮር አይ5 አደረግኩት። ባለሱቁ "ካርድ ካለህ ምን ያስጨንቅሃል" አለኝ። ለጌም ቢሆን ልክ ነበር።

ከዚያ የጥር ሠርግ መጣ። ሦስት ካሜራ፣ ሁሉም 4ኬ፣ ኤች.265 (ቪዲዮው የሚጨመቅበት ዘዴ)፣ 10 ቢት፣ 4:2:2 (ሁለቱ ፋይሉ ምን ያህል የቀለም መረጃ እንደያዘ የሚናገሩ ናቸው)። ሦስቱን አጣጥሜ መልቲካሙን (ሦስቱንም ካሜራ በአንድ ላይ የሚያሳየውን) ከፈትኩና ስፔስ ባሩን ተጫንኩ። አንደኛው ካሜራ ሄደ። ሁለተኛው ሙሽራዋ ቀለበት ስታጠልቅ እጇ ላይ ደርቆ ቀረ። ድምፁ ግን ይቀጥላል፤ እልልታው ይሰማል፣ ጭብጨባው ይሰማል፣ ምስሉ እዚያው ነው፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ዘሎ ኬክ ቆረሳው ላይ ደረሰ። ታስክ ማናጀርን ስከፍት ፕሮሰሰሩ 100 ፐርሰንት ደርሷል። ያ ውድ ካርድ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሜራ ቪዲዮውን ጨምቆ ነው የሚጽፈው። ኮምፒውተሩ ሊያሳያችሁ እያንዳንዱን ፍሬም መልሶ መፍታት አለበት፤ ይሄ ዲኮዲንግ ይባላል። ለዚህ ሥራ ብቻ የተሠራ ክፍል በካርዱ ውስጥም፣ በብዙ ፕሮሰሰሮች ውስጥም አለ። ይህ ክፍል የማያውቀው ዓይነት ፋይል ከመጣ ግን ሸክሙ በሙሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። የኤንቪዲያ ካርዶች እስከ አርቲኤክስ 40 ሲሪስ ድረስ 4:2:2 አይፈቱም፤ መፍታት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2025 ከወጣው 50 ሲሪስ ነው። የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ግን ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ በውስጣቸው ባለው ግራፊክስ፣ ኩዊክ ሲንክ በሚባለው፣ የኤች.265ን 4:2:2 ይፈታሉ። "ኤፍ" ማለት ደግሞ ያ የውስጥ ግራፊክስ የተዘጋበት ማለት ነው። እኔ ገንዘብ አተረፍኩ ብዬ የተውኩት ለሥራዬ በጣም የሚያስፈልገኝን ነገር ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ፋይላችሁን እወቁት። ሚዲያኢንፎ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ከካሜራችሁ አንድ ክሊፕ ጎትታችሁ ብታስገቡበት ኮዴኩን (የተጨመቀበትን ዘዴ)፣ ቢቱን፣ 4:2:0 ይሁን 4:2:2 ሁሉንም ይነግራችኋል። 8 ቢት 4:2:0 ከሆነ ዘና በሉ፣ የቅርብ ጊዜ ካርድ ሁሉ ይፈታዋል። ኤች.264 ሆኖ 4:2:2 10 ቢት ከሆነ ግን 12ኛውና 13ኛው ትውልድ ኢንቴልም ቢሆን በራሱ በፕሮሰሰሩ ጉልበት ነው የሚፈታው። ካሜራችሁ ወደ ኤች.265 መቀየር የሚያስችል ከሆነ ይህንንም አስቡበት።

ፕሮግራሙም ለውጥ ያመጣል። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ከለርና ኖይዝ ሪዳክሽን (ምስሉ ላይ ያለውን ነጠብጣብ ማጽዳት) ላይ ካርዱን አጥብቆ ይጠቀማል፤ በሱ የምትሠሩ ከሆነ ለካርዱ ብር መድቡ፣ ሚሞሪውም 8 ጂቢ ከሚሆን 12 ቢሆን ይሻላል። ኖይዝ ሪዳክሽኑ ግን በነጻው ሪዞልቭ ውስጥ የለም። ስቱዲዮ የሚባለው ነው ያለው፣ እሱም አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ 295 ዶላር ነው። ይህን ከባጀቱ ውስጥ ከመጀመሪያው አስገቡት። ፕሪሚየር ፕሮ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ሚዛኑ ወደ ፕሮሰሰሩ ያደላል።

ገንዘቡ ለዚህ ሁሉ ካልበቃ ፕሮክሲ አለ። ሁለቱም ፕሮግራሞች ከዋናው ፋይል ቀለል ያለ ኮፒ ሠርተው በሱ ያሠሯችኋል፣ ኤክስፖርት ስታደርጉ ወደ ዋናው ይመለሳሉ። እኔ ያንን ሠርግ የጨረስኩት በፕሮክሲ ነው። ማታ ጀምሬው ተኛሁ፣ ጠዋት ያለምንም ችግር ሠራሁበት። መካከለኛ ፒሲ ይዞ በፕሮክሲ መሥራት ምንም አያሳፍርም፤ ተበድሮ ትልቅ ማሽን ከመግዛት በጣም ይሻላል።

ራሙን በአንድ ፍሬ መግዛት

16 ጂቢ ለ4ኬ ይጠብባል፣ ከ32 ጀምሩ። ሲገዛ ደግሞ ባለ 32 አንድ ፍሬ ሳይሆን ባለ 16 ሁለት ፍሬ ይሁን። ፕሮሰሰሩ በሁለት መንገድ በአንድ ጊዜ ያነባቸዋል። ከተገጠመም በኋላ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ገብታችሁ ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የሚለውን አብሩት፤ ካልበራ ራሙ ከገዛችሁት ፍጥነት በታች ይሠራል።

ስለ ማስቀመጫ መጨረሻ ላይ ማሰብ

እዚህ ላይ ሒሳብ እንሥራ። ካሜራው በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚጽፍ ከሆነ አንድ ሰዓት ቀረጻ 45 ጂቢ ነው። ሦስት ካሜራ አምስት አምስት ሰዓት ቢቀርጽ 675 ጂቢ ይሆናል። አንድ ሠርግ ነው ይሄ፣ የመልስ ዝግጅቱ ገና አልተቆጠረም። ታዲያ ሰው ባለ 500 ጂቢ ኤስኤስዲ አንድ ገዝቶ ዊንዶውሱንም ፕሮጀክቱንም እዚያው ላይ ሊያደርግ ያስባል።

እኔ የምመክረው ሦስት ቦታ መክፈል ነው። አንድ ትንሽ ኤስኤስዲ ለዊንዶውስና ለፕሮግራሞች። አንድ ቢያንስ 2 ቴራ የሆነ ኤንቪኤምኢ (ፈጣኑ የኤስኤስዲ ዓይነት) ለያዛችሁት ሥራ። ሃርድ ዲስክ ደግሞ ላለቀው። ሃርድ ዲስክ ላይ መልቲካም ኤዲት ለማድረግ አትሞክሩ። በሴኮንድ 150 ወይም 200 ሜጋባይት ያነባል ቢባልም ይህ በተከታታይ ሲያነብ ነው፤ ሦስት ፋይል በአንድ ጊዜ ሲጠየቅ መርፌው ከቦታ ቦታ እየዘለለ ይዳከማል።

ኤስኤስዲ ላይ ኤም.2 የሚለው የቅርጹ ስም ነው፣ የፍጥነቱ አይደለም። በዚያው ቅርጽ ሳታ የሚባለው ወደ 550 ሜጋባይት ላይ ሲቆም፣ ጄን 4 ኤንቪኤምኢ ወደ 7,000 ይደርሳል። ካርቶኑን በደንብ አንብቡ፣ ማዘርቦርዳችሁም የትኛውን እንደሚቀበል አረጋግጡ። ዋጋቸው የማይታመን ባለ 4 ቴራ ኤስኤስዲዎችም ገበያው ላይ አሉ። ዊንዶውስ ላይ 4 ቴራ ብለው ይታያሉ፣ ውስጣቸው ግን ትንሽ ነው፣ ሲሞሉ የቀድሞውን ፋይል ያጠፋሉ። ኤች2ቴስትደብልዩ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ሞልቶ እያነበበ እውነቱን ያወጣዋል። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ሥሩት። ሠርግ አይደገምም። እኔ ፋይሉ ሁለት የተለያየ ዲስክ ላይ መኖሩን በዓይኔ ሳላይ የካሜራውን ካርድ ፎርማት አላደርግም።

መብራቱን መርሳት

ይህን የውጭ አገር የዩቲዩብ ቪዲዮዎች አይነግሯችሁም፣ የነሱ መብራት አይሄድም። የኛ ይሄዳል፣ ሲመለስም አንዳንዴ በኃይል ነው የሚመለሰው።

ፓወር ሰፕላይ ላይ አትቆጥቡ። ከኬዝ ጋር በነጻ የሚመጣውን አውጥታችሁ አስቀምጡት። አርቲኤክስ 4070 ብቻውን 200 ዋት ይወስዳል፣ ኮር አይ7 14700ኬ ሲጨናነቅ 253 ሊደርስ ይችላል። ማዘርቦርዱ፣ ዲስኮቹና ማራገቢያዎቹ ሲጨመሩ ለእንደዚህ ዓይነት ማሽን ጥሩ 750 ዋት ተገቢ ነው። 80 ፕላስ የሚለው ምልክት ኤሌክትሪክ እንደማያባክን ብቻ ነው የሚነግራችሁ፤ ስለ ጥንካሬው ዋስትና አይሆንም፤ ሞዴሉን ፈልጋችሁ ሰዎች ከፍተው የፈተሹትን አንብቡ። ተነቃይ ገመድ ያለው ከሆነ ደግሞ የአንዱን ገመድ ሌላው ላይ አትሰኩ። ጫፉ ይገባል፣ የውስጥ ሽቦው አደራደር ግን ይለያያል፣ ዲስክ ያቃጥላል።

ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ ዕቃ የምታስመጡ ከሆነ ይህን ልብ በሉ። እዚያ መብራቱ 120 ቮልት ነው፣ እኛ ጋ 220። ፓወር ሰፕላዩ ላይ 100–240 ከተጻፈ ችግር የለም፣ ራሱ ያስተካክላል። ከኋላው 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ ካለው ግን ሳትሰኩ በፊት 230 ላይ አድርጉት። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ማሽኑን ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ ባትሪ) ደግሞ ጭራሽ ከአሜሪካ አታስመጡ፤ ለ120 የተሠራ ነው፣ ክብደቱም የሻንጣ ኪሎ መጨረስ ነው።

እዚህ ስትገዙም ዩፒኤሱ ላይ የሚጻፈው ቪኤ እና ዋት አንድ እንዳልሆኑ እወቁ። 650 ቪኤ የሚለው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ከ400 ዋት በታች ነው። ኤክስፖርት ላይ እያላችሁ መብራት ሲሄድ አንዴ ጮኾ አብሮ ይጠፋል። ዩፒኤሱ ከማሽኑና ከሞኒተሩ የዋት ድምር በላይ ይሁን፤ ሥራችሁን ሴቭ አድርጋችሁ በሰላም ለማጥፋት አምስት ደቂቃ ይበቃችኋል።

ሙቀትና አቧራ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ በማራገቢያ የሚወሰደው ሙቀት ከቆላው ያንሳል። ፕሮሰሰር ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ የሁለት ሰዓት ኤክስፖርት ላይ ደግሞ ይህ በግልጽ ይታያል። "ኬ" ያለባቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ማራገቢያ ይዘው አይመጡም፣ ስለዚህ ጠንከር ያለ ኩለር ባጀት ውስጥ ይግባ። ኬዙ ከፊት አየር የሚያስገባና የአቧራ ወንፊት ያለው ይሁን፤ ፊቱ በመስታወት የተዘጋው ያምራል፣ ግን ያፍናል።

የማይገጥም ዕቃ መግዛት

ዲዲአር4 ራም ዲዲአር5 ማዘርቦርድ ላይ አይገባም። የራይዘን 5000 ፕሮሰሰር ሶኬቱ (ማዘርቦርዱ ላይ የሚገጠምበት) ኤኤም4 ነው፣ 7000 ደግሞ ኤኤም5፣ አይቀያየሩም። የካርዱ ርዝመት ከኬዙ ሊበልጥ ይችላል። ፒሲፓርትፒከር የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ዝርዝራችሁን ብታስገቡ አብዛኛውን ግጭት ይነግራችኋል። የኢንቴል 13ኛ ወይም 14ኛ ትውልድ ከገዛችሁ ደግሞ ገና ሥራ ሳትጀምሩ ባዮሱን አዘምኑ። በነዚህ ላይ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ፕሮሰሰሩን የሚጎዳበት ችግር ነበር፣ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2024 ማስተካከያ አውጥቶለታል። ያገለገለ ከሆነ ግን ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል እኔ አልገዛውም።

ለሞኒተሩ የተረፈውን መስጠት

ሳጥኑ ላይ ሁሉን ጨርሰው በአሮጌ ስክሪን ከለር የሚሠሩ ሰዎች ያሳዝኑኛል። ነጩ የሀበሻ ቀሚስ እናንተ ጋ ነጭ ሆኖ ደንበኛው ቲቪ ላይ ቢጫ ይሆናል። ፓነሉ አይፒኤስ (ቀለሙን በደንብ የሚያሳይ የስክሪን ዓይነት) የሆነ፣ ኤስአርጂቢን (መደበኛውን የቀለም ክልል) ወደ 100 ፐርሰንት የሚሸፍን ፈልጉ። ገመዱ ደግሞ ካርዱ ላይ ይሰካ፣ ማዘርቦርዱ ላይ አይደለም።

ሳይሞክሩ መክፈል

ዕቃው የሚገጣጠምበት ሱቅ ስትሄዱ የራሳችሁን ፕሮጀክት በውጭ ኤስኤስዲ ይዛችሁ ሂዱ። ጌም አስከፍተው ያሳዩአችኋል፣ በጨዋነት "የኔን ልይ" በሉ። ፕሮግራሙን አስጭናችሁ ከባዱን ታይምላይን ክፈቱ፣ አጫውቱ፣ ሃያ ደቂቃ ኤክስፖርት አድርጉ፣ ሙቀቱን እዩ። ዋስትናው ስንት ወር እንደሆነና ማን እንደሚሸፍነው በደረሰኝ ላይ አጽፉ። ያገለገለ ካርድ ከሆነ ይህ ሃያ ደቂቃ ወደ አንድ ሰዓት ይደግ።

እኔ በኋላ ፕሮሰሰሩን "ኤፍ" በሌለው ቀየርኩት፣ ማዘርቦርዱ ያው ነው። ያ ቀለበቱ ላይ የደረቀው ክሊፕ አሁንም አለኝ። ለጓደኛ ፒሲ በገጠምኩ ቁጥር መጀመሪያ የማጫውተው እሱን ነው።