«ጎንደር ላይ የእኔ ሥራ የለም»፦ የፍለጋ ቃል ችግርና መፍትሄ

ማራኪ አካባቢ ኮምፒውተር ቤት ስሠራ በየሳምንቱ የምሰማው ነገር አለ። የተመረቀ ልጅ ሲቪ ሊያሳትም ይመጣና «በተማርኩት ሥራ የለም» ይለኛል። ስልኩን ተቀብዬ ስፈልግለት ብዙውን ጊዜ ማስታወቂያው አለ። ልጁ የጻፈው ቃል ግን ቀጣሪው ከጻፈው ጋር አይገናኝም።

ችግር፦ የተማርነውን ትምህርት ስም ስንጽፍ የሚረባ ነገር አይመጣም

ምክንያቱ፦ ማስታወቂያ የሚወጣው በሥራ መደቡ ስም ነው። የትምህርት ዓይነቱ ከታች «ወይም ተዛማጅ» ተብሎ ይጠቀሳል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይጻፍም።

መፍትሄው፦ በመስካችሁ የወጡ አምስት ያህል የቆዩ ማስታወቂያዎችን አንብቡና ርዕሳቸውን ደብተር ላይ ገልብጡ። አንዲት የማኔጅመንት ተመራቂ አጠገቤ ተቀምጣ እንዲህ ስታደርግ «የሰው ሀብት ባለሙያ»፣ «ኤችአር ኦፊሰር»፣ «ባንክ ትሬይኒ»፣ «ከስተመር ሰርቪስ ኦፊሰር» የሚሉ አገኘች። ለወራት የጻፈችው «ማኔጅመንት» የሚለውን ብቻ ነበር። አካውንቲንግ የተማረ «የሒሳብ ሠራተኛ»፣ «ገንዘብ ያዥ»፣ «ካሸር» ይሞክር፤ ሶሺዮሎጂ የተማረ ደግሞ «ሶሻል ወርከር» እና «ኬዝ ወርከር»። የእንግሊዝኛዎቹን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፏቸው። ልምድ ከሌላችሁ «0 ዓመት» ወይም «ጀማሪ» ጨምሩ።

ችግር፦ ቃሉ ትክክል ነው፣ ውጤቱ ግን ጥቂት ነው

ምክንያቱ፦ የፊደላችን ጉዳይ ነው። «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ሒሳብ» እና «ሂሳብ»፣ «ጸሐፊ» እና «ፀሀፊ» ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ለብዙ የፍለጋ ሳጥን ግን የተለያዩ ቃላት ናቸው። የከተማችን ስም ራሱ «ጎንደር»ም «ጐንደር»ም ተብሎ ይጻፋል። በእንግሊዝኛም አንዱ «Gondar»፣ ሌላው «Gonder» ብሎ ይጽፋል። በዚያ ላይ «በ»፣ «ለ» እና «የ» ከቃሉ ጋር ይጣበቃሉ። ቃልን ከመጀመሪያ ፊደሉ የሚያመሳስል መፈለጊያ «ጎንደር» ሲባል «በጎንደር»ን ያልፈዋል።

መፍትሄው፦ ቴሌግራም ቻናል ውስጥ ስትፈልጉ «ጎንደር»፣ «ጐንደር»፣ «በጎንደር»፣ «ለጎንደር» እያላችሁ በየተራ ሞክሩ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ራሴ ትልቁን ለውጥ ያየሁት እዚህ ላይ ነው።

ችግር፦ «ጎንደር» ስንል ደብረ ታቦር ይመጣል፣ የቅርቡ ይቀራል

ምክንያቱ፦ ደቡብ ጎንደር ዞንም ስሙ ውስጥ «ጎንደር» አለ። በተቃራኒው ደግሞ ድርጅቶች የሚጽፉት ሠራተኛው የሚመደብበትን ቦታ ነው። አለምዋጭ የስደተኞች መጠለያ ላይ የሚሠራ ድርጅት «ዳባት» ብሎ ሊያወጣ ይችላል።

መፍትሄው፦ ደቡብ ጎንደር ያለበትን ውጤት ለማስቀረት ጉግል ላይ ከፍለጋ ቃላችሁ ቀጥሎ የመቀነስ ምልክት አድርጉና ክፍተት ሳትተዉ «ደቡብ ጎንደር» የሚለውን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ጻፉ፦ ጎንደር -"ደቡብ ጎንደር"። ይህ ቴሌግራም ላይ አይሠራም። ብዙ ቦታ በአንድ ላይ የሚዘረዝር የባንክ ማስታወቂያንም አብሮ ስለሚጥል ያለ መቀነሱም አንዴ ፈልጉ። ከዚያ «ዳባት»፣ «ደባርቅ»፣ «መተማ»፣ «አዘዞ» የሚሉትን ለየብቻ ሞክሩ።

ችግር፦ ያገኘነው ሁሉ ጊዜው ያለፈበት ነው

ምክንያቱ፦ መፈለጊያው የቆየውንም ያወጣል። ቀኑም ያምታታል፦ «10/5/2017» በእኛ ጥር 10 ነው፣ በፈረንጆቹ ግን ሜይ 10፣ ያውም ከዓመታት በፊት።

መፍትሄው፦ ጉግል ላይ «ቱልስ» የሚለውን ነክታችሁ ያለፈውን ሳምንት ምረጡ። «ለ7 ተከታታይ የሥራ ቀናት» ካለ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚቆጠር አንብቡ። ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው ማስታወቂያው መጀመሪያ ከወጣበት ቀን ነው፤ ቴሌግራም ላይ ያያችሁት ግን ከቀናት በኋላ የተለጠፈ ቅጂ ሊሆን ይችላል።