የሳይንስ ፊክሽን ልብስ ልክ ስክሪን ላይ እንደታየው፦ አዳማ ላይ እንዴት ይጀመራል?

የሳይንስ ፊክሽን ልብስ ማሰፋትና ስክሪን ላይ የታየውን ልብስ ቁርጥ አድርጎ መሥራት ለየቅል ናቸው። የመጀመሪያው ላይ እንደልባችሁ ትፈላሰፋላችሁ። ሁለተኛው ላይ ሥራችሁ ማየት ነው። ስፌቱ የት ጋ ያልፋል? እጅጌው የት ጋ ያልቃል? ጫማው ተረከዝ አለው?

ከጓደኞቻችሁ ጋር አዳማ ላይ የአድናቂዎች ክለብ ለማቋቋም ካሰባችሁ ወይም ውጭ ያሉትን ክለቦች መመዘኛ ማሟላት ከፈለጋችሁ፣ አጀማመሩ ይኸውላችሁ። ብር ያስፈልጋል፣ አልዋሽም። ግን አብዛኛው ሥራ የሚበላሸው በብር እጥረት አይደለም። "እንዲህ ቢሆን አያምርም?" ሲባል ነው የሚበላሸው።

አንድ፦ ገጸ ባሕሪ ብቻ ሳይሆን ቅጂም ምረጡ

"የስታር ዋርስን ነጭ ወታደር እሠራለሁ" ማለት ገና ምርጫ አይደለም። የትኛው ፊልም ላይ ያለውን? እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው የመጀመሪያው ፊልም ውስጥ እንኳ ሄልሜቱ አንድ ዓይነት አይደለም። የዓይኑ ሌንስ ያበጠ አለ፣ ጠፍጣፋ የሆነም አለ። ከአንዱ ዓይኑን ከሌላው አፉን ወስዳችሁ ብትገጣጥሙ ማንም ፊልም ላይ ያልለበሰው ነገር ይወጣል።

እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ፣ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ የተመሠረተው 501ኛ ሌጌዎን የተባለ ክለብ አለ። የስታር ዋርስን ክፉ ገጸ ባሕሪያት የሚለብሱ ሰዎች ማኅበር ነው። አባል ለመሆን 18 ዓመት መሙላት ግድ ነው። ለየልብሱ የተጻፈ መመዘኛ አላቸው። ፎቶ ትልካላችሁ፣ ይመረመራል፣ ያልፋል ወይም "ይሄን አስተካክል" ተብሎ ይመለሳል። የእናንተ ክለብ አምስት ሰው ብቻ ቢሆንም ይህችን አሠራር ኮርጁ። ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት አንድ ገጽ መመዘኛ ጻፉ። የግድ መኖር ያለበት ምንድነው? ቢቀር የሚታለፈውስ? ኋላ ላይ ከመጨቃጨቅ ያድናል።

ለጀማሪ ጥሩር አልመክርም። የነጩ ወታደር ጥሩር ሞቆ ቅርጽ ላይ ከተሳበ ፕላስቲክ የተሠራ ነው፣ ለዚያ የሚሆን ማሽን በየሠፈሩ አይገኝም። የአዳማን ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ዩኒፎርም ይሻላል። ለምሳሌ ከ1966 እስከ 1969 እ.ኤ.አ. በቴሌቪዥን የታየው የመጀመሪያው ስታር ትሬክ፣ የጠፈር መርከበኞቹ ተከታታይ ፊልም፦ ሸሚዝ፣ ጥቁር ሱሪ፣ ጥቁር ቦት፣ ደረት ላይ አንድ ምልክት፣ በቃ። ልብስ ሰፊና ገበያ ያለበት ከተማ ውስጥ የሚያልቅ ሥራ ነው። ከዚህ በታች ያለው በአብዛኛው እሱን ይዞ የሚሄድ ነው።

ሁለት፦ ፎቶ ሰብስቡ፣ ሁሉንም ግን አትመኑ

ፖስተር አትጠቀሙ፣ ምስሉ ለማሳመር ይነካካል። አሻንጉሊት አትጠቀሙ። የሌላ አድናቂ ልብስ ፎቶም ይቅርባችሁ፤ የእሱን ስህተት ነው የምትወርሱት። በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የተሠራ ምስል ጭራሽ አይነካ፣ የሌለ ስፌት ይፈጥራል። የሚያስፈልጋችሁ ከራሱ ከፊልሙ ቆም እያደረጋችሁ የወሰዳችሁት ምስልና ዋናው ልብስ ሙዚየም ወይም ጨረታ ላይ ሲቀርብ የተነሳው ፎቶ ነው። ከፊት፣ ከኋላ፣ ከሁለቱም ጎን፣ እጅጌው ጫፍ፣ አንገቱ፣ ጫማው። ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሙና በእስክሪብቶ ጻፉበት።

ቀለም ላይ ጉድ አለ። የስታር ትሬክ ካፒቴን ሸሚዝ ቲቪ ላይ ወርቃማ ነው። በእጅ ሲያዝ ግን ወደ አረንጓዴ ያደላ ነበር፤ የስቱዲዮው መብራትና ፊልሙ ናቸው ወርቃማ አድርገው ያወጡት። ታዲያ የትኛውን እንሥራ? ክለባችሁ አንዱን ይምረጥና መመዘኛው ላይ ይጻፍ። እኔ ስክሪን ላይ የታየውን እመርጣለሁ፤ ሰው የሚያውቀው እሱን ነው። ይህን ክርክር ጨርሶ ለመሸሽ የፈለገ ሰው ሰማያዊውን ይልበስ፣ የሳይንስና የሕክምና ክፍሉን።

ልኬትስ ከፎቶ እንዴት ይወጣል? አሪፍ ዘዴ አለች። አዋቂ ሰው ላይ ከአንዱ ዓይን ብሌን እስከ ሌላው ያለው ርቀት በአማካይ 63 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ፊት ለፊት የተነሳ ፎቶ አሳትሙ። ወረቀቱ ላይ ያንን ርቀት በማስመሪያ ለኩ። 9 ሚሊሜትር ሆነ እንበል። 63ን ለ9 ስታካፍሉ 7 ይመጣል። እንግዲህ ያ ፎቶ ላይ ያለውን ነገር ሁሉ በ7 አብዙ። የደረቱ ምልክት ወረቀቱ ላይ 8 ሚሊሜትር ቁመት ካለው እውነተኛው ወደ 56 ሚሊሜትር ይጠጋል ማለት ነው። የተዋናዩ ዓይንና ደረት ከካሜራው እኩል መራቅ አለባቸው፣ ጎንበስ ያለበትን ፎቶ ተዉት። ከተለያዩ ፎቶዎች ለክታችሁ መሃሉን ውሰዱ።

ሦስት፦ ጨርቅ

ሸሚዙ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች ቬሎር ነበር፣ ለስላሳና ጸጉራም። ሲታጠብ እየተሸበሸበና እያጠረ ስላስቸገረ በሦስተኛው ምዕራፍ ወፈር ባለ ተሳሳቢ ሹራብ ጨርቅ ተቀየረ። አዳማ ላይ ለሚኖር ሰው ሦስተኛው ምዕራፍ በረከት ነው። ከስፖርት ልብስ ጨርቅ ጋር ስለሚቀራረብ በቀላሉ ይገኛል፣ ሲለበስም ይቀላል። የመጀመሪያውን ቬሎር ካላልኩ ሞቼ እገኛለሁ ካላችሁ ግን ከከፋይ ተጠንቀቁ። ከፋይ ያብለጨልጫል፣ አይሳሳብምም። ሱቅ ውስጥ በሁለት ጣት ወደ ጎን ጎተት አድርጉት፣ ካልተለጠጠ ተዉት።

ጨርቁን ሱቁ መብራት ሥር አትምረጡ። የታተመውን ፎቶ ይዛችሁ "አንዴ ውጭ ልየው" በሉና ፀሐይ ላይ አስተያዩት። ከሚያስፈልጋችሁ ግማሽ ሜትር ጨምራችሁ ግዙ። ከመቆረጡ በፊት እጠቡት፣ ማጠር ካለበት ጥቅሉ ላይ እያለ ይጠር።

ሱሪና ቦት ከሰልባጅ ይፈለጋል። አንገቱ ላይ ላለው ጥቁር ሪብ የአሮጌ ሹራብ አንገት ይበቃል። እጅጌው ጫፍ ላይ ያለው የማዕረግ መስመር ቀጭን ወርቃማ ጥብጣብ ነው። የሠርግ ካባ የሚሠሩ ሰዎች ጋ ወርቃማ ጥብጣብ ሞልቷል፤ ግን አብዛኛው ሰፊና አብረቅራቂ ስለሆነ ቀጭኑን አስወጡ። ካፒቴን ሁለት ሙሉ መስመርና በመሃላቸው አንድ የተቆራረጠ መስመር አለው። ኮማንደር ሁለት ሙሉ። ሌተናንት አንድ። እዚህ ላይ የተሳሳተ ሰው ወዲያው ይነቃበታል።

አራት፦ ልብስ ሰፊው

ልብሱ ልክ የሚሆነው ወይም የሚበላሸው እዚህ ነው። ጎበዝ ልብስ ሰፊ ልብሱን ሊያሳምርላችሁ ይፈልጋል። ሙያው ነው። እናንተ ደግሞ እንዳይምር ትለምኑታላችሁ። ንግግሩ እንዲህ መሄዱ አይቀርም፦

"ኪስ ላውጣለት?"

"የለም ጋሼ፣ ኪስ የለውም።"

"እና ስልክህን የት ልታደርግ ነው?"

"እይዘዋለሁ።"

"ከፊት ዚፕ ላድርግለት፣ ጸጉርህን እንዳያበላሸው?"

"ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ልክ ፎቶው ላይ እንዳለው ብቻ ይሁንልኝ።"

ስለዚህ መጀመሪያ በአቡጀዲ አሰፉት። ርካሽ ነው፣ የሚጻፍበት ነው። ልበሱት፣ ፎቶ ተነሱ፣ ከተዋናዩ ጎን አድርጋችሁ እዩት። እጅ ወደ ላይ ሲነሳ ሆድ ይታያል? ትከሻው ላይ ያለው ስፌት ፎቶው ላይ ካለው ቦታ ወርዷል? አቡጀዲው ላይ በማርከር አርሙ። አቡጀዲ እንደማይለጠጥ ግን አስታውሱ፤ ተሳሳቢው ጨርቅ ላይ ትንሽ ጠበብ ተደርጎ ይቆረጣል። ከዚያ ሰፊው ያንኑ ፈትቶ እንደ ካርታ ይጠቀምበታል። ከአፍ ትእዛዝ ይልቅ ይሄ ይገባዋል።

ሱሪው ላይ ጭቅጭቅ ጠብቁ። ቦቱ ላይ ከፍ ብሎ ነው የሚያልቀው። ሰፊው "አጠረብህ" ብሎ ሁለት ጣት ሊጨምርላችሁ ይዳዳዋል። አትፍቀዱ። የደረቱን ምልክት ደግሞ ራሳችሁ ቦታው ላይ በመርፌ ቁልፍ አስይዙና ከመሰፋቱ በፊት መስታወት ፊት ቁሙ። በግራ ደረት በኩል ነው። የሳይንስ ክፍሉ ምልክት መሃል ላይ ክብ ነገር አለው፣ የአዛዦቹ ኮከብ። ዋጋ ስትነጋገሩ ለአቡጀዲውም ክፈሉ፤ በነፃ ደግሞ እንዲሠራ የተለመነ ሰው ሁለተኛውን ከልቡ አይሠራውም።

አምስት፦ ወደ ጠንካራው ክፍል ሲኬድ

ዩኒፎርሙ አልቆ ጥሩር ካማራችሁ የልጆች መጫወቻ ምንጣፍ ግዙ፣ ያ እርስ በርሱ የሚገጣጠመው። ኢቫ የሚባል ፎም ነው። ወደ 10 ሚሊሜትር የሚሆነው ለደረትና ለጀርባ ይሆናል፣ ቀጭኑ ለጌጣጌጡ።

ቅርጹን ከራሳችሁ ሰውነት አውጡ። አሮጌ ቲሸርት ልበሱ፣ ጓደኛችሁ በስኮች ይጠቅልላችሁ፣ የጥሩሩን መስመር ላዩ ላይ ይሳል፣ ከዚያ በመቀስ ከጀርባ ቆርጦ ያውልቀው። አንገትና ሆድ ላይ እንዳያጠብቀው። የተሳለው ተቆራርጦ ሲዘረጋ ካርቶን ላይ ይገለበጣል፣ ከካርቶን ወደ ፎም።

ፎም ሲቆረጥ ካተሩ አዲስ ምላጭ ይኑረው፣ ምላጩም ቀጥ ብሎ ይቁም። ማጣበቂያው ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት ማስቲሽ ነው። ሁለቱንም ጠርዝ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ጣት ሲነካው የማይጣበቅ እስኪሆን ጠብቁ። ከዚያ ከአንድ ጫፍ ጀምራችሁ አገናኙ። አንዴ ከነካ አይላቀቅም፣ ቀና አድርጌ ልመልሰው ማለት የለም። በር ተከፍቶ ወይም ግቢ ውስጥ ነው የሚሠራው፣ ከሰል ወይም ሲጋራ አጠገቡ አይደርስም። ሽታውም ራስ ያዞራል።

ለማጉበጥ የፀጉር ፎን ወይም ካውያ ይበቃል። በካውያ ከሆነ መሃል ላይ ወረቀት አድርጉ። ፎሙ ሲሞቅ ድስት ወይም ጉልበታችሁ ላይ ጫን አድርጋችሁ እስኪቀዘቅዝ ያዙት። ቀጥሎ ነጭ ኮላ በትንሽ ውኃ አቅጥናችሁ ደጋግማችሁ ቀቡት፤ ያለዚያ ፎሙ ቀለሙን ሁሉ ይጠጣዋል። በመጨረሻ ስፕሬይ፣ ከሩቅ፣ በስሱ፣ ብዙ ጊዜ። የአዳማ ነፋስ ተራራው ላይ ተርባይን ያዞራል፣ የእናንተንም ቀለም አቧራ ያለብሰዋል። ጠዋት ነፋሱ ሳይነሳ ወይም ግድግዳ ተከልላችሁ ርጩ።

ሁለቱን ጎን ፍጹም እኩል ለማድረግ አትድከሙ። በመጀመሪያው የስታር ዋርስ ፊልም ላይ ያለው የዳርት ቬደር፣ የዋናው ክፉ ገጸ ባሕሪ፣ ጭንብል በእጅ የተቀረጸ ነው፣ ግራና ቀኙ አንድ አይደለም። እኩል አድርጎ የሠራው ሰው ከዋናው ራቀ ማለት ነው።

ቀበቶ የሚያስፈልገው ልብስ ከሆነ ሞጆ ቅርብ ናት፣ ቆዳ ፋብሪካዎቹ እዚያ ናቸው። እውነተኛ ቆዳ በካሜራ ራሱን ያሳያል። 3ዲ ፕሪንተር ያለው ጓደኛ ካላችሁ ጥሩ። ግን ፒኤልኤ የሚባለው ፕላስቲክ 60 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሚለሰልስ ቀትር ላይ በተዘጋ መኪና ውስጥ አትተዉት።

ስድስት፦ ለብሶ መውጣት

ቤት ውስጥ አንድ ሰዓት ልበሱት። ተቀመጡ፣ ደረጃ ውጡ፣ ውኃ ጠጡ። ሄልሜት ካለ የኮምፒውተር ትንሽ ማራገቢያ ውስጡ ይግጠም። ባጃጅ ላይ ጥሩር ለብሶ አይገባም፣ በሻንጣ ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ልበሱ። ብቻችሁንም አትውጡ፤ ሄልሜት ያጠለቀ ሰው እግሩ ሥር ያለውን አያይም። ልብስ ያልለበሰ አንድ ጓደኛ ውኃና ስልክ ይዞ ይከተል።

የጦር መሣሪያ ቅጂ መንገድ ላይ ፈጽሞ አታውጡ። የነጩ ወታደር መሣሪያ መነሻው ስተርሊንግ የተባለ እውነተኛ የእንግሊዝ ጠመንጃ ነው፣ ከሩቅ ለሚያይ ፖሊስም ሆነ ጥበቃ ጠመንጃ ነው የሚመስለው። ፎቶ ለመነሳት ካስፈለገ ግቢ ውስጥ ተነሱና መልሳችሁ ክተቱት። የወታደርም የፖሊስም ደንብ ልብስ የሚመስል ቀለምና ጨርቅ አትምረጡ። ሆቴል ወይም ትምህርት ቤት ግቢ ለመጠቀም ከአንድ ቀን በፊት ኃላፊውን አስፈቅዱ፣ የልብሱንም ፎቶ አሳዩት።

ክለቡ ልብሱን ሲመዝን ሠሪው አይመዝን። ከፊት፣ ከኋላ፣ ከሁለቱ ጎን ፎቶ ይነሳ፣ መመዘኛው አጠገብ ይቀመጥ፣ ሌላ ሁለት ሰው ይየው። ያልሞላው በጽሑፍ ይሰጠው። ለዝግጅት በምትወጡበት ቀን ደግሞ አንድ ቦርሳ አይጥፋ፦ መርፌ ቁልፍ፣ ጥቁር ክር፣ ስኮች፣ ትንሽ ማስቲሽና ንጹሕ ጨርቅ።